አንዴ የገዛ ሰው ማስታወቂያውን ለምን ያያል?

ነባር ደንበኛን ከማስታወቂያ ማስቀረት ማለት አንድ ድርጅት በፌስቡክ፣ በኢንስታግራም ወይም በሌላ ማኅበራዊ ሚዲያ ከፍሎ ማስታወቂያ ሲለቅ፣ ከዚህ ቀደም የገዙት ወይም የተመዘገቡት ሰዎች ያንን ማስታወቂያ እንዳያዩት ማድረግ ነው። ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ የነባር ደንበኞች ዝርዝር ይዘጋጃል፤ ከዚያ ማስታወቂያው ሲሠራ ዝርዝሩ «እነዚህ አይዩት» በሚለው በኩል ይገባል። ሲነገር ቀላል ነው። ከባዱ ነገር ነባር ደንበኛ የሚባለው ማን እንደሆነ፣ ዝርዝሩ ምን ያህል እንደሚታመን፣ መቼስ ማስቀረቱ ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ እንደሚያመዝን መለየት ነው። ሻጭና ገዢ በሚተዋወቁባት በድሬዳዋ ደግሞ ጉዳዩ ከአዲስ አበባ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የተከፈለበት ማስታወቂያ ወደ ነባር ደንበኛ የሚያዘነብለው በአጋጣሚ አይደለም። ፌስቡክንና ኢንስታግራምን የሚያስተዳድረው ሜታ ማስታወቂያ የሚያሳየው በጨረታ ነው። አንድ ሰው ስልኩን ከፍቶ ፌስቡክ በገባ ቁጥር እሱን ማግኘት የሚፈልጉ ማስታወቂያዎች በቅጽበት ይወዳደራሉ። አሸናፊውን የሚለየው የተመደበው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ማስታወቂያውን አይቶ የተፈለገውን ነገር ያደርጋል ወይ የሚለው ግምትም ይታሰባል። ባለሱቁ መልእክት የሚልክለት ሰው እንዲፈለግለት ካዘዘ፣ ሥርዓቱ መልእክት ይልካሉ ብሎ የሚገምታቸውን ያስቀድማል። እነዚያም ፔጁን የሚከታተሉት፣ ከዚህ በፊት ኢንቦክስ ያደረጉት፣ ፖስት በወጣ ቁጥር ላይክ የሚያደርጉት ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ቀድሞውኑ የገዙ ናቸው። ማሽኑ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ሰው እንጂ አዲስ ሰው አምጣ አልተባለም።

የዚህን ውጤት በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ 10,000 ብር አውጥቶ 20 ሰዎች መልእክት ላኩለት እንበል። ሪፖርቱ አንዱ መልእክት 500 ብር እንደፈጀ ይናገራል። ከ20ዎቹ መካከል 12ቱ ሱቁን የሚያውቁ ደንበኞች ከሆኑ ግን አዲስ የመጡት 8 ብቻ ናቸው፤ አንዱን አዲስ ሰው ለማምጣት የወጣው 1,250 ብር ነው። ይህ ሁለተኛው ቁጥር በተለመደው ሪፖርት ላይ አይገኝም፤ ባለሱቁ ራሱ ቁጭ ብሎ ካላሰላው አያየውም። ወደ ድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ገብቶ ለተቀመጠ ተሳፋሪ «ሳቢያን፣ ሳቢያን» እያሉ እንደመጣራት ነው፦ ሰውየው ሳቢያን መሄዱ አይቀርም፣ ያስገባው ግን ጥሪው አይደለም።

ነገሩ በትልቅ ድርጅት ላይ ተፈትኗል። ቶማስ ብሌክ፣ ክሪስ ኖስኮና ስቲቨን ታደሊስ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የኢንተርኔት መገበያያ የሆነውን የኢቤይን የፍለጋ ማስታወቂያዎች በአንዳንድ አካባቢዎች እያስቆሙ በሌሎቹ እያስቀጠሉ አወዳደሩ። በ2015 እ.ኤ.አ. ኢኮኖሜትሪካ በተባለው መጽሔት የታተመው ጥናታቸው እንደሚያሳየው፣ በኢቤይ አዘውትረው የሚገዙት ሰዎች ማስታወቂያው ቢቆምም መግዛታቸውን አላቆሙም፤ ከማስታወቂያው ወጪ አብዛኛው የሚሄደው ግን ወደ እነሱ ነበር። ማስታወቂያው ለውጥ ያመጣው በአዲሶቹና አልፎ አልፎ በሚገዙት ላይ ነው። ጥናቱ የፍለጋ ማስታወቂያን እንጂ ማኅበራዊ ሚዲያን አልተመለከተም፤ ያነሳው ጥያቄ ግን ለሁለቱም ይሠራል፤ ይህ ሰው ማስታወቂያው ባይኖርስ አይገዛም ነበር ወይ?

ለኢትዮጵያ ነጋዴ ጥያቄው ከሌላው ጊዜ ይልቅ አሁን ይቆረቁራል። የማስታወቂያው ክፍያ የሚፈጸመው በውጭ ምንዛሪ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት ለቀድሞ ደንበኛ የባከነ አንድ ዶላር ዛሬ ቢባክን ኪሳራው በብር ከእጥፍ ይልቃል።

ነባርና አዲስ ደንበኛ እንዴት እንደሚለዩ ለመረዳት ከድሬዳዋ የቅርብ ጊዜ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር የቴሌኮም ፈቃድ ያገኘው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን ለደንበኞች በሙከራ የከፈተው ከአዲስ አበባ አስቀድሞ በድሬዳዋ ነው፤ ጊዜው ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነበር። እስከዚያ ድረስ በአገሪቱ የነበረው የቴሌኮም ድርጅት ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነው። በከተማዋ ሰፈሮች፣ በከዚራም ሆነ በመጋላ፣ በደቻቱ ወንዝ ወዲህም ሆነ ወዲያ ያለው የሞባይል ቁጥር ሁሉ በ09 ይጀምር ነበር። በ07 የሚጀምሩት ቁጥሮች የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው።

በዚያ የመጀመሪያ ቀን አዲሱ ድርጅት በከተማዋ አንድም ነባር ደንበኛ አልነበረውም። ከማስታወቂያ የሚቀር ሰው የለም፤ ስልክ የያዘ ሁሉ የሚጠራ ነው። ሲም ካርዱ እየተሸጠ ሲሄድ ግን ነገሩ ይለወጣል። የ07 ቁጥር ላወጣ ሰው «ሲም ካርድ ያውጡ» የሚል ማስታወቂያ ማሳየት ትርጉም ያጣል፤ ለእሱ የሚነገረው የጥቅል ዋጋ ወይም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ኤም ፔሳ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ሁኔታ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። የከተማው ሰው ሁሉ ደንበኛው ስለነበር ነባሩን ላስቀር ቢል ማስታወቂያውን የሚያይ አይተርፍም ነበር። ሆኖም ያው ሰው ለሲም ካርድ ነባር ሆኖ ሳለ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ለተጀመረው የድርጅቱ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት፣ ለቴሌብር፣ አዲስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነባር ደንበኛ የሚባለው ከድርጅቱ ሳይሆን ከሚተዋወቀው ዕቃ ወይም አገልግሎት አንጻር ነው። ብዙ ነጋዴዎች የሚስቱት ይህን ነው፦ አንድ ዝርዝር ያዘጋጁና ለሁሉም ማስታወቂያ ያውሉታል። ፍሪጅ የገዛ ሰው ከፍሪጅ ማስታወቂያ ይቅር፤ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ማስታወቂያ የሚቀርበት ምክንያት ግን የለም።

ዝርዝሩ የሚገባበት መሣሪያ ከስተም ኦዲየንስ ይባላል፤ ፌስቡክ ያመጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ድርጅቱ የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር፣ ኢሜይል፣ ስምና የመሳሰለውን በፋይል ያስገባል። መረጃው ከመላኩ በፊት እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ሀሽ ይደረጋል፤ ማለትም ኤስኤችኤ 256 በሚባል ስሌት ወደማይነበብ የፊደልና የቁጥር ድርድር ይለወጣል። ሜታ የራሱን ተጠቃሚዎች መረጃ በዚያው ስሌት ለውጦ ያመሳክራል፤ የገጠሙት በዝርዝሩ ውስጥ ይገባሉ፣ ያልገጠሙት ይወድቃሉ። የማን ስም እንደገጠመና የማን እንዳልገጠመ ለነጋዴው አይነገረውም።

ችግሩ የሚጀምረው ከፋይሉ ነው። በታይዋን ገበያም ሆነ በመጋላ የአንድ ሱቅ የደንበኛ መዝገብ ብዙ ጊዜ የብድር ደብተር ወይም የባለሱቁ ስልክ ነው። በስልኩ ላይ «ማሜ ባጃጅ»፣ «የሳቢያኗ እናት»፣ «ፈርኒቸር ሁለት» ተብሎ የተመዘገበ ስም ለባለሱቁ ይበቃዋል፣ ለሜታ ግን ምንም አይነግረውም። መሐመድ የሚለው ስም ራሱ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አምስት ስድስት ዓይነት መልክ አለው፤ ፌስቡክ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚታወቀው በቅጽል ስሙ ነው። ስለዚህ በድሬዳዋ የሚያስተማምነው መረጃ ስልክ ቁጥር ነው፤ እሱም በአግባቡ ከተጻፈ።

አግባቡ ይህ ነው። በ0915 የሚጀምር ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያለው ዜሮ ወጥቶ የአገር መለያው 251 ይገባበታል፤ 251915 ብሎ ይጀምራል ማለት ነው። ኤክሴል ላይ ቁጥሩ እንደ ሒሳብ ቁጥር ከተጻፈ ዜሮው በራሱ ይጠፋል፤ 251 የገባበት ረጅም ቁጥርም በአጭር የሳይንስ አጻጻፍ ሊታይ ይችላል። አምዱን አስቀድሞ ወደ ጽሑፍ መቀየር ከዚህ ሁሉ ያድናል። በአንድ ሳጥን ሁለት ቁጥር መጻፍ፣ በቁጥሩ መካከል «ወይም» ብሎ ማስገባት፣ የውጭ አገር ቁጥርን በ251 መጀመር ሁሉም መግጠሙን ያበላሻሉ። ይህ የመጨረሻው ድሬዳዋ ላይ እንደ ቀላል አይታይም፤ ውጭ አገር ያለ ልጅ ለእናቱ ቴሌቪዥን የሚገዛባት፣ ገንዘቡን ከሩቅ የሚልክባት ከተማ ነች። ከፋዩ ሌላ፣ ዕቃውን የሚረከበው ሌላ ነው፤ ማስታወቂያውን የሚያየው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ሊሆን ይችላል።

በሁለት ሲም መጠቀም ሌላው ምክንያት ነው። ፌስቡኩን ከዓመታት በፊት በ09 ቁጥር የከፈተ ሰው ሱቅ ሄዶ ሲገዛ የሚሰጠው አዲሱን የ07 ቁጥር ከሆነ፣ ሁለቱ አይገናኙም። ሰውየው ደንበኛ ሆኖ ሳለ ማስታወቂያው ይመጣበታል። ስለዚህ ሲሸጡ «ፌስቡክ የከፈቱበት ስልክ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ካልሆነም ሁለቱንም ቁጥር በሁለት አምድ መመዝገብ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ዝርዝር የለም። ማስቀረት የነባሮቹን ቁጥር ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

የስልክ ዝርዝር ለሌለው ሌላ መንገድ አለ። ሜታ ከፔጁ ጋር ግንኙነት ያደረጉትን ሰዎች፣ ድረ ገጽ ያለው ድርጅት ደግሞ ገጹን የጎበኙትን እስከ 180 ቀን ወደኋላ ሰብስቦ በዝርዝር እንዲይዝ ይፈቅዳል። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፕል መተግበሪያዎች ተጠቃሚውን ከመከታተላቸው በፊት ፈቃዱን እንዲጠይቁ ስላስገደደ የድረ ገጹ መንገድ በአይፎን ላይ ተዳክሟል። የድሬዳዋ ሱቆች አብዛኛው ሽያጫቸው የሚያልቀው በመልእክትና በስልክ ስለሆነ ግን የሚበጃቸው የፔጁ መንገድ ነው፤ እሱም አደጋ አለው። መልእክት የላከ ሁሉ አልገዛም። ዋጋ ጠይቆ «ደሞዝ ሲወጣ እመጣለሁ» ያለ ሰው ለመግዛት ከማንም ይልቅ የቀረበ ነው። ኢንቦክስ ያደረጉትን በጅምላ ማስቀረት እሱን አብሮ ይጥለዋል፤ ከሚሠሩት ስህተቶች ሁሉ ውዱ ይህ ነው። መፍትሔው ውይይቶቹን መለየት ነው። ዋትስአፕ ቢዝነስ በእያንዳንዱ ውይይት ላይ ምልክት ለመለጠፍ ያስችላል፤ «ከፍሏል» የተባለው ወደሚቀሩት ዝርዝር ይሄዳል፣ «ጠይቋል» የተባለው ማስታወቂያው የሚታየው ሆኖ ይቆያል።

እዚህ ላይ ቡስት የሚለው ቁልፍ አቅሙ ያልቃል። ከፖስቱ ሥር ያለው ቁልፍ የሚያቀርበው ቦታን፣ ዕድሜን፣ ፍላጎትንና የመሳሰሉትን ቀላል ምርጫዎች ነው። ዝርዝር አስገብቶ ማስቀረት የሚቻለው አድስ ማናጀር በተባለው ዋና መሣሪያ ውስጥ ነው። ዝርዝሩን ለመሥራት ቢያንስ 100 ሰው ያስፈልጋል፤ 100 ደንበኛ የሌለው ጀማሪ ሱቅ ስለ ማስቀረት ባይጨነቅ ይሻለዋል።

የከተማዋ ስፋትም ይታሰብ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ነዋሪ ገጠሩን ጨምሮ 341,834 ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢያድግም፣ ከአዲስ አበባ ጋር ሲተያይ ማስታወቂያ የሚዞርበት ክልል ጠባብ ነው። በጠባብ ክልል አንድ ማስታወቂያ ለአንድ ሰው ቶሎ ቶሎ ይደጋገማል። ነባሮቹ ሲቀሩ ደግሞ የቀረው ሕዝብ ይበልጥ ያንሳል፤ በጀቱ ካልተቀነሰ ድግግሞሹ ይጨምራል። ማስታወቂያው የሚታይበትን ክልል አስፍቶ ሐረማያን፣ አወዳይንና ሐረርን ማስገባት አንዱ መውጫ ነው፤ ዕቃው እዚያ ድረስ የሚደርስ ከሆነ።

ማስቀረት ተገቢ የሚሆነው አንዴ ተገዝቶ ለረጅም ጊዜ በማይደገም ነገር ላይ ነው፦ የቤት ዕቃ፣ የሠርግ አዳራሽ፣ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት፣ የቋንቋ ኮርስ ምዝገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢ ብቻ የሚሰጥ ቅናሽም ከዚሁ ይመደባል። ባለፈው ሳምንት ሙሉውን የከፈለ ሰው የቅናሹን ማስታወቂያ ካየ «አቦ፣ እኔ በሙሉ ዋጋ አይደል እንዴ የገዛሁት?» ብሎ ኮሜንት ላይ ይጽፋል፤ ትክክልም ነው። ይሁንና ማስቀረትን እንደ መደበቂያ መቁጠር ሞኝነት ነው። ከሰዓት በኋላ በጫት በርጫ ላይ ተሰብስቦ በሚጫወት ከተማ አንዱ ስልክ ላይ የታየ ቅናሽ እስኪመሽ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ለአዲሱ ቅናሽ ያደረገ ሱቅ ለነባሩም የሚገባውን ነገር፣ ነጻ ማድረስም ይሁን ጥገና፣ አስቀድሞ ማሰናዳት አለበት።

ተደጋግሞ በሚገዛ ነገር ላይ ግን ማስቀረት ገበያን በገዛ እጅ መዝጋት ነው። ሽቶ፣ ልብስ፣ ቡና፣ የልጅ ወተትና ዳይፐር የሚሸጥ ሰው የሚኖረው በተመላላሽ ደንበኛ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ጊዜን መወሰን ነው፤ ዳይፐር የገዛች እናት ለሁለት ሳምንት ማስታወቂያው ባይታያት ምንም አይደለም፣ ከዚያ በኋላ ግን ሊታያት ይገባል። ሆቴሎች ደግሞ የራሳቸው ወቅት አላቸው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል በዓል ከአገሪቱ ዙሪያ ከሚመጣው ምእመን ከፊሉ በድሬዳዋ ያልፋል፤ ስለት ያለበት ሰውም በየዓመቱ ይመለሳል። ባለፈው ዓመት ያደረን እንግዳ በኅዳር ወር ከማስታወቂያ የሚያስቀር ሆቴል የሚያስቀረው መምጣቱ የማይቀረውን፣ የት እንደሚያድር ግን ገና ያልወሰነውን ሰው ነው።

ሌላም የሚታጣ ነገር አለ። በማስታወቂያው ሥር «ከእነሱ ወስጃለሁ፣ ዕቃቸው ጥሩ ነው» ብሎ የሚጽፈው የገዛ ሰው ነው። እሱ ከቀረ አዲሱ ሰው የሚያየው ባዶ ኮሜንት ነው፤ በኢንተርኔት የሚሸጥን ዕቃ በጥርጣሬ ለሚያይ ገዢ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። አንዱ መላ ፖስቱን መጀመሪያ ያለ ክፍያ ለፔጁ ተከታዮች መልቀቅ፣ ኮሜንት ካገኘ በኋላ ያንኑ ፖስት ነባሮቹን አስቀርቶ በክፍያ ለአዲሶች ማሳየት ነው። ነባሮቹን ደግሞ በነጻ ማግኛው ቦታ አለ፦ የቴሌግራም ቻናል። በሱቁ የቴሌግራም ቻናል ውስጥ አንዴ የገዛ ወይም ለመግዛት የተቃረበ ሰው ይገኛል፤ አዲስ ዕቃ ሲገባ ለእሱ ለመንገር ዶላር አያስፈልግም።

ማስቀረቱ ጠቅሞ እንደሆነ የሚታወቀው በሱቁ መዝገብ ነው። ነባሮቹ ሲቀሩ በሪፖርቱ ላይ የአንድ መልእክት ዋጋ ይወደዳል፤ በቀላሉ የሚመልሱት ሰዎች ወጥተዋልና። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ደንግጦ ማስቀረቱን ያነሳዋል። መታየት ያለበት ግን የአንድ አዲስ ገዢ ዋጋ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ገዢ «ከዚህ በፊት ከእኛ ገዝተው ያውቃሉ?» የሚል አንድ ጥያቄና በደብተሩ ላይ አንድ ተጨማሪ አምድ ነው። ሁለት ሳምንት አስቀርቶ፣ ሁለት ሳምንት ሳያስቀሩ፣ በእኩል በጀት ሞክሮ አምዶቹን ማስተያየት ይቻላል፤ ዒድ ወይም ፋሲካ ከገባበት ሳምንት ጋር ሳያደባልቁ።

የቀረው የዝርዝሩ ባለቤትነት ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የሌለው ነጋዴ ማስታወቂያውን የሚያስለቅቀው «ቡስት እናደርጋለን» በሚሉ ሰዎች በኩል ነው። እነሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በራሳቸው የማስታወቂያ አካውንት ነው። ነጋዴው የደንበኞቹን ስልክ ለእነሱ ሲሰጥ ዝርዝሩ የሚቀመጠው በእነሱ እጅ ነው፤ ነገ ለጎረቤቱ ሱቅ ሲሠሩ ያንኑ ዝርዝር ከማስቀረት ይልቅ ለመጥራት ሊያውሉት ይችላሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የንግድ ምስጢር ብቻ አይደለም። የሰው ስልክ ቁጥር የግል መረጃ ነው፤ የሚሰበስበው ሕጋዊ ምክንያት ሊኖረው፣ ለተሰበሰበበት ዓላማ ሊያውለውና ሊጠብቀው ይገባል፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሜታም ዝርዝር የሚያስገባው ሰው መረጃውን የመጠቀም መብት እንዳለው እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ስለዚህ የማስታወቂያ አካውንቱ በነጋዴው ስም ተከፍቶ ቡስት አድራጊው በተወሰነ ፈቃድ ቢገባበት ይመረጣል፤ ይህ ካልተቻለ ፋይሉ ከማስገቢያው ኮምፒውተር እንዲጠፋ፣ ዝርዝሩም ሥራው ሲያልቅ ከአካውንቱ እንዲሰረዝ አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። ደንበኛው ቁጥሩን ሲሰጥም ለምን እንደሚመዘገብ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ፣ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል፤ አልፈልግም ካለም ቁጥሩ አይገባም።